ኸር ፋይንበርግና ያበላነው ምስክር

የኸር ፋይንበርግን መሞት የነገረኝ ሰው የለም፤ የነገረኝ የሥራ ስልኬ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ፍራንክፈርት፣ ጊንሃይም ሰፈር ከኡባኑ፣ ከከተማው ባቡር፣ ወርጄ፣ ቢሮው የሚልክልንን የቀኑን ፕላን ከፈት ባደርግ ስማቸው ተሰርዟል። ከጎኑ «ቴርሚኑ ቀርቷል» ይላል፤ ቀጠሮው ማለት ነው። ሐኪም ቤት ገብተው ይሆናል ብዬ ለአለቃዬ ደወልኩላት። እሷም ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ እሁድ ማረፋቸውን ነገረችኝ፤ ወዲያው ደግሞ በተረፈው ሰዓት ሌላ ሽማግሌ ጋ መሄድ እችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልችልም አልኳትና ፌርማታው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሥራዬ ፍሌገ ነው። ሽማግሌዎችን በየቤታቸው እየዞርኩ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒታቸውን አወጣለሁ። በዚህ ሥራ ስንቱን ቀብሬአለሁ፤ ለእያንዳንዱ ባለቅስ እስካሁን ዓይኔ በጠፋ። እሳቸው ግን ሌላ ናቸው።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ጆሮአቸው ትልልቅ፣ ከራሳቸው ላይ ያቺ ትንሽ ቆብ የማትጠፋ ሰው ነበሩ። ሚስት የላቸውም፣ ልጅ የላቸውም። ቤታቸው መጽሐፍ ብቻ ነው፤ ኩሽናው ውስጥ ሳይቀር፣ የድስት ቦታ ላይ መጽሐፍ። መስኮታቸው ያንን ረጅም የቴሌ ማማ ፊት ለፊት ያየዋል። ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩት ታልሙድ የሚባለውን የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ ነው፤ ከዚያም ውስጥ የጋብቻውንና የምስክሩን ሕግ። ገጹን አንድ ቀን አሳዩኝ። መሐሉ ላይ ሕጉ አለ፣ ዙሪያውን ደግሞ የሊቃውንቱ ክርክር ከቦታል፤ አንዱ እንዲህ ነው ይላል፣ ሌላው የለም እንዲህ ነው ይላል፣ ሁለቱም ሳይሰረዙ ይኖራሉ። አባቴ በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት የገቡ ሰው ስለነበሩ እኛ ቤት «አንድም» ሲባል ነው ያደግሁት። ይሄማ አንድምታ ነው አልኳቸው። አንድምታ ምን እንደሆነ እስካስረዳቸው ድረስ ያን ቀን ልብስ አልለብስም ብለው ያዙኝ።

እኔን ፍራው ደምሴ፣ ወይዘሮ ደምሴ እንደማለት፣ ነበር የሚሉኝ። ደምሴ አባቴ ናቸው፤ ጀርመን እንዲህ ነው፣ ስምሽን ትቶ በአባትሽ ይጠራሻል። መጀመሪያ ሰሞን ቅር ይለኝ ነበር። ኋላ ነገሩን ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና፣ እንግዲያው አባትሽ ፍራንክፈርት ውስጥ በየቀኑ ይጠራሉ ማለት ነው፣ ስንት ሙት ይህን ያገኛል አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ማንም ፍራው ደምሴ ሲለኝ ደስ ይለኛል። በጀርመንኛው እኔንም አንቱ ነበር የሚሉኝ፤ እዚህ ግን አንቺ እያልኩ ነው የምጽፈው። እንደሳቸው ያለ ሽማግሌ በአማርኛ አንቱ ሲለኝ መስማቱ ይከብደኛል።

ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ነበር የምሄደው። እግራቸው ስለሚያብጥ ያንን ጥብቅ ካልሲ አለብሳቸዋለሁ፤ የሚለብሰውም የሚያለብሰውም ያውቀዋል፣ ትግል ነው። እኔ እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ስታገል እሳቸው ከላይ ሕግ ያስተምሩኛል። አንድ ቀን በድንገት የደጃፌ ምንጣፍ ምን ዓይነት ቀለም ነው ብለው ጠየቁኝ። ከዓመት በላይ ጫማዬን የጠረግሁበት ምንጣፍ ነው። ቡኒ አልኩ። ሄደሽ እይ አሉኝ። አረንጓዴ! ሳቁብኝ፤ ሲስቁ ትከሻቸው ነው የሚስቀው።

«በየሳምንቱ ረግጠሽዋል» አሉኝ። «አላየሽውም። አብዛኛው ምስክር እንዳንቺ ነው፤ የቆመበትን ሁሉ ያየ ይመስለዋል።»

ከዚያ በኋላ ሳይጠይቁኝ አያልፉም። ታች ከቤት ቁጥሩ አጠገብ ስንት ብስክሌት ነበር? ሊፍቱ ውስጥ አብራሽ የወጣችው ሴትዮ ምን ይዛለች? መልሱን ሳላውቅ እንዳልቀር ብዬ መንገዱን በሙሉ እያፈጠጥኩ መሄድ ጀመርኩ። በላዬ ላይ ጣጣ አመጡብኝ እያልኩ ለታናሽ እህቴ ለሰላማዊት አወራላት ነበር።

የሷን ነገር ልንገራችሁ። ሰላማዊት ከኔ ጋር ነው የምትኖረው። ባሏ ብርሃኑ፣ ያ የወርቅ ጥርስ ያለው፣ ደብረ ብርሃን ጫማ ሰፊ ነበር፤ እሷ ቀድማ መጣች፣ እሱ በሊቢያ በኩል ሊከተላት ወጣ። ጀልባ ልንሳፈር ነው ብሎ ደወለላት። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ሞተ እንዳይባል ያየ የለም፣ አለ እንዳይባል የሰማ የለም። ለቅሶ አልተቀመጥንለትም፣ ጥቁር አልለበሰችም። ዓመታት አለፉ። በኋላ ኤፍሬም የሚባል ትራም ነጂ፣ ጨዋ ልጅ፣ ላግባሽ አላት። እሷም ትወደዋለች፤ ዓይኗ ነው የሚናገረው። ግን ቄሱን ስትጠይቃቸው፣ ልጄ የሞተ እንደሆነ ቢያንስ ያየ አንድ ሰው አምጪልኝ አሏት። እውነታቸውን ነው። ሰላማዊትም ሳታውቅ የሰው ሚስት ሆና ሥጋ ወደሙ ፊት መቆም አትፈልግም። ሌት ተቀን የሚበላት ይኼው ነበር፤ ወይ ሚስት አይደለች፣ ወይ መበለት አይደለች።

ይህን ለኸር ፋይንበርግ ስነግራቸው መጽሐፉን ዘጉት። እንዲህ ያለች ሴት በእነሱም ሕግ ስም አላት፤ የታሰረች ይሏታል። ሕጋችሁ ለሷ ምን ይላል አልኳቸው።

በሌላ ነገር ሁሉ ሁለት ምስክር ያስፈልጋል አሉኝ። ባሏ ለጠፋባት ሴት ግን ሊቃውንቱ አንድ ይበቃል አሉ። በሌላ ጊዜ ፍርድ ቤት ደጃፍ የማያደርሱትን ሰው እንኳ ለሷ ሲሆን ያምኑታል። የሌላ እምነት ሰው፣ መንገደኛ፣ መመስከሩን ራሱ ሳያውቅ ሌላ ወሬ ሲያወራ ነገሩ ከአፉ ከወጣ፣ ያም ይታመናል። እንዲያውም ሳይጠየቅ ማውራቱ ነው የሚያሳምነው፤ ምን እንደሚፈለግበት አያውቅማ። በር ሁሉ ሲዘጋ ለታሰረችው ሴት መስኮት ከፈቱላት። ሕጉን ለምን እንዲህ ለቀቅ አደረጉት ብዬ ስጠይቃቸው፣ አንደኛ ታስራ እንዳትቀር፣ ሁለተኛ ደግሞ ሴት አጣርታ ነው የምታገባው አሉኝ። ባልየው በሕይወት ቢመጣ የምትጠፋው እሷ ናትና ከዳኛው ሁሉ በላይ የምትመረምር እሷ ናት። ይህችን «አጣርታ ታገባለች» የምትል ቃል እንደ ጸሎት ነበር የሚደጋግሟት።

እኔ ከዚህ ሁሉ ትምህርት «አንድ ይበቃል» የምትለዋን ብቻ ይዤ ቤቴ ሮጥኩ።

ከብርሃኑ ጋር አንድ ጀልባ ላይ ነበር የተባለ ጌታሁን የሚባል ልጅ ነበር፤ ኤርፖርት ሻንጣ ጫኝ ነው። እሁድ ምሳ ጠራነው። እንግዳ ጠርተን ባዶ አፉን አናናግረውም መቼም! ዶሮው ተሠራ፣ ቢራው ወጣ፣ በሞቴ በሞቴ እያልኩ አጎረስኩት። ከዚያ የሰላማዊትን ሥቃይ ነገርኩት፣ ኤፍሬም የሚሉት ምን ዓይነት ልጅ እንደሆነ ነገርኩት፣ ቄሱ ምን እንደፈለጉ ነገርኩት። ይህን ሁሉ ከነገርኩት በኋላ፣ ብርሃኑ ሲሞት አይተሃል ወይ አልኩት። ጌታሁን ሰላማዊትን አየት አደረጋትና አንገቱን ደፋ። አዎ፣ አይቻለሁ፣ ሰማያዊ ጃኬቱን እንደለበሰ ውሃው ወሰደው አለ። ሰላማዊት ጮኻ ወደቀች። አለቀስን፣ ከዚያ ደግሞ እግዚአብሔር ይመስገን አልን። በማግስቱ ኤፍሬም ቀለበት ገዝቶ መጣ።

ማክሰኞ ለኸር ፋይንበርግ በደስታ ስተርክላቸው ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ።

«አበላችሁት?» አሉኝ። «ምስክሩን አበላችሁት?»

እንግዳ ነዋ አልኳቸው። እንዴት እንደጠየቅሁት ቃል በቃል አስደገሙኝ። ከዚያ የሚፈለግበትን መልስ መጀመሪያ ነግራችሁት ኋላ ጠየቃችሁት ማለት ነው አሉ። ውሃው መጨረሻው የሚታይ ኩሬ ቢሆን፣ የገባ ሰው ካልወጣ ሞቷል ይባላል፤ ባሕር ግን ዳርቻው አይታይም፣ እዚህ የሰመጠ በሌላ በኩል ሊወጣ ይችላል፤ ስለዚህ ከሞተ በኋላ ፊቱን ያየ ሰው ካልተገኘ አይበቃም አሉኝ። ሰማያዊ ጃኬቱንስ አልኳቸው።

«ልብስ ይዋሱታል» አሉኝ። «ፊት አይዋሱትም።»

ተናደድኩ፤ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ሥራ ስጨርስ ለጌታሁን ደወልኩለት። ሌላ ምንም አላልኩትም፤ ፊቱን አይተሃል ወይ ብቻ አልኩት። እትዬ፣ ጨለማ ነበር፣ ጃኬት ነው ያየሁት፤ እሷን ሳያት አሳዘነችኝ፣ ለሷ ብዬ ነው አለኝ። ምን ትለዋለህ? አልረገምኩትም። ቤት ገብቼ ለሰላማዊት ነገርኳት። ቀለበቱ ኪሷ ውስጥ ነበር። አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ክፍሏ ገብታ ዘጋች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቤት ውስጥ እየኖርን በሰላምታ ብቻ እንተላለፍ ጀመር። ምን አስጠየቀሽ፣ እኔ አምኜ ነበር፣ ብላኛለች፤ ሌላ አላለችም።

ዓርብ እንደ ቂመኛ ሄድኩ። ጉተን ሞርገን ብዬ ዝም። ካልሲውን እየጎተትኩ ዝም። ምንጣፉን አልጠየቁኝም። በመጨረሻ አልቻልኩም፤ እህቴን ገደሏት፣ የሕጉ መጽሐፍ ልብ የለውም ወይ፣ ልጁ እኮ አዝኖላት ነው አልኳቸው።

ወደ መስኮቱ እያዩ ነው የነገሩኝ። እናታቸው ከጦርነቱ በኋላ እዚሁ ከተማ ዳር በስደተኞች ካምፕ ነበረች፤ ባሏ በጦርነቱ ወደ ምሥራቅ ተወስዶ ጠፍቷል። ስታለቅስ የሚያያት አንድ ጎረቤት ነበር። ባልሽን ሞቶ አይቼዋለሁ ብሎ መሰከረላት። ዳኞቹ አመኑት፣ ፈቱላት፣ ሌላ ሰው አገባች። ከዚያ ጋብቻ አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ፤ እሳቸው ናቸው። ልጁ ትምህርት ቤት ሊገባ ሲል ያ ሞተ የተባለው ሰው በሩን አንኳኳ።

በሕጉ መሠረት እናትየው ከሁለቱም ባሎቿ ወጣች። ልጁ ከሰው ሚስት የተወለደ ሆነ፤ ከአይሁዱ ማኅበር ሴት ማግባት አይፈቀድለትም፣ ቢወልድም እድፉ ለልጆቹ ያልፋል። ደብቀው ማግባት ይችሉ ነበር፤ አላገቡም። የሌላ ሴት ልጅ እንዲህ እንዳትሆን ብለው ያንኑ ሕግ ሲማሩና ሲያስተምሩ አረጁ።

«ምስክሩ ክፉ ሰው አልነበረም» አሉኝ። «ከረሜላ ይሰጠኝ ነበር። ለእናቴ አዘነላት፤ እኔ ገና ስላልተወለድኩ አላየኝም። ፍራው ደምሴ፣ ምሕረት የዳኛ ሥራ ነው። የምስክር ሥራ ማየት ብቻ ነው።»

እግራቸው ሥር ነበርኩና ጉልበታቸውን ስሜ ተነሳሁ። ደነገጡ፤ በእነሱ ወግ ሴት እንዲህ አታደርግም መሰለኝ። ግን በእኛ ይቅርታ እንዲህ ነው፣ ገብቷቸዋል። ከበሩ ስወጣ፣ ከኋላዬ፣ ምንጣፉ ዛሬ ምን ዓይነት ነው አሉኝ። አረንጓዴ ነው፣ አንድ ጥጉ ተተርትሯል አልኳቸው።

በገና ሰሞን ፌኸንሃይም በሚባለው ሰፈር እናቷ አዲስ አበባ ያረፉባት አንዲት የማኅበራችን ሴት ነበረችና ለቅሶ ልንደርሳት ከሰላማዊት ጋር ሄድን። እንደነገሩ ነበርን፤ ለቅሶ ግን አይቀርም። ቤቱ ጢም ብሏል። እናቴን አፈር ሳላለብሳት ብላ ሴትየዋ ስታለቅስ፣ ከበሩ አጠገብ የተቀመጠ፣ በቅርቡ ከጣሊያን መጥቶ እዚያው ሰፈር መጋዘን የሚሠራ ሰው ሊያጽናናት ጀመረ። በዓይንም አይተነው አናውቅም። አንቺስ እናትሽን ወገን ቀበራት አላት፤ እኔ ሊቢያ ዳርቻ ላይ ወገን የሌለውን ሰው በእጄ ቀብሬአለሁ። ጀልባው ተገልብጦ፣ የተረፍነውን ውሃው ወደ አሸዋው መለሰን። ነግቶ ብናይ ሬሳም መልሷል። አንዱ ብርሃኑ ነው፤ ካምፕ ውስጥ የሁላችንንም ጫማ በሽቦ የሰፋልን፣ የደብረ ብርሃን ልጅ፣ የወርቅ ጥርስ ያለው።

ሰላማዊት ልትነሳ ስትል እጇን ጨምድጄ ያዝኩት። ዝም በይ አልኳት በዓይኔ። ልጠይቅ? አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ያ ሽማግሌ ከጊንሃይም ድረስ መጥተው አፌን የያዙኝ ያህል ዋጥኩት። ሰውየው ቀጠለ። ፊቱን አሸዋ ሸፍኖት ነበር፣ በመዳፌ ጠርጌ ዓይኑን ከደንኩለት አለ። ቄስ የለም፤ አቡነ ዘበሰማያት ደገምንለትና አሸዋ አለበስነው። ጫማዬ ላይ የሰፋው ሽቦ እስከ ጣሊያን ድረስ አልተፈታም።

ሲጨርስ ነው እጇን የለቀቅሁት። ሰላማዊት ያን ጊዜ ተነስታ፣ በሰው ለቅሶ ቤት መሐል፣ ለባሏ አለቀሰች። ሰውየው ማን መሆኗን ሲነግሩት እግሯ ላይ ወደቀ። ባለለቅሶዋ የራሷን ትታ እሷን አቀፈቻት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉት ለካ እንዲህ ያማል።

ማክሰኞ አንደኛውን ካልሲ እንዳለበስኳቸው ልነግራቸው ስጀምር፣ ቆይ አሉኝ። ጥቁሩን ባርኔጣ ከመስቀያው አምጪልኝ አሉ፤ አምጥቼ ሰጠኋቸው፣ በቆባቸው ላይ አጠለቁት። ከዚያ ቁሚ አሉኝ፤ ዳኛ ተቀምጦ ይሰማል፣ ምስክር ግን ቆሞ ነው የሚናገረው። እሳቸው በአንድ እግር ካልሲ፣ እኔ ሌላውን ካልሲ በእጄ ይዤ፣ ችሎቱ ተሰየመ። ያየሁትንና የሰማሁትን ሳልጨምር ነገርኳቸው። ሰውየው ማን እንደሆናችሁ ያውቅ ነበር ወይ አሉኝ። አያውቅም። ጠይቃችሁት ነው? ማንም አልጠየቀውም። ፊቱን? አሸዋውን በመዳፉ ጠርጎለታል አልኳቸው።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ ከመጽሐፉ ዙሪያ ካሉት ሊቃውንት ጋር ይከራከሩ ነበር ይሆናል።

«ዳኛችሁ ቄሱ ናቸው፣ ሂጂና እንዲሁ ንገሪያቸው» አሉኝ። «እኔን የጠየቀኝ እንደሆነ ግን፣ እህትሽ ተፈታለች።»

ባርኔጣውን አወለቁ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር፤ ያንን አይቻለሁ። ከሠርጉ በኋላ ባለው ማክሰኞ ደግሞ መጥተሽ ሠርጉን ትነግሪኛለሽ፣ የመሰለሽን ሳይሆን ያየሽውን አሉኝና ሁለተኛ እግራቸውን ዘረጉልኝ።

ቄሱ ሰውየውን አስጠርተው ሰሙት፤ ለብርሃኑ ፍትሐት ተደረገለት፣ ሰላማዊት ጥቁር ለበሰች፣ ጥቁሩንም በወጉ አወጣች። የጀርመኑ ወረቀት የራሱ ጣጣ ነበረው፣ እሱን ጠበቃ ይዞት ነው ያለቀው። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ተባለ። ኸር ፋይንበርግ በጾሙ መሐል ሞቱ።

ቀብራቸው ላይ ሄጃለሁ። ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎቻቸው፣ ጢማም ጢማም ወንዶች፣ ብዙ ነበሩ። አንዱ ለሌላው በጀርመንኛ፣ ያሳዝናል፣ ልጅ አልተዉም አለው። ልመልስለት ፈልጌ ነበር፤ ምን ብዬ? ምስጢሩ የኔ አይደለም። አፈር አልብሼ ተመለስኩ።

ሠርጉ የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ነበር። የሙሽራዋ እማኝ እኔ ነኝ። ሰላማዊት ካባውን ለብሳ ስትገባ ሴቱ ሁሉ እልል እያለ ያለቅሳል፤ ኤፍሬም ራሱ መሐረቡን አውጥቷል። የኔም እንባ መጣ፤ ዋጥኩት። ቆሜ ነበር። የካባው ጫፍ ላይ ያለውን ወርቀ ዘቦ አየሁ፣ ቄሱ ዛሬ ገና ለሚያገባው ለኤፍሬም አክሊሉን ሲደፉለት አየሁ፣ አክሊሉ ወደ ግራ ትንሽ ዘንበል ሲል አየሁ። ዞር ብላ ፈልጋኝ ስታገኘኝ፣ ያን ሁሉ ዓመት ያላየሁትን ፊቷን አየሁ። ማክሰኞ ጠዋት እዚያ አረንጓዴ ምንጣፍ ላይ ጫማዬን ጠርጌ ገብቼ ቆሜ የምነግራቸው ይመስል፣ አንድ ሳይቀረኝ ሁሉንም አየሁላቸው።